ፊደል ሳያውቅ መጽሐፍ የሚያስነብብ

በዚህ ወር ከጎጃም የመጡ ደብዳቤዎችን አንድ ላይ ሰበሰብኳቸው። ላኪዎቹ አይተዋወቁም፤ ጥያቄያቸው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ቤት ይገባል፦ በሴላችን ውስጥ ጂን የሚበራበትና የሚጠፋበት ቤት። የመጀመሪያው መልስ ይረዝማል። እንዳትዘሉት፤ የቀሩት የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ የምማር የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባል ፕሮቲን ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ጂን ያበራል ተባልን፤ ገባኝ። በሳምንቱ ደግሞ ኮአክቲቬተር የሚባል ሌላ መጣ። እሱ የዲኤንኤውን ፊደል አይለይም፣ ያለ እሱ ግን ጂኑ አይበራም አሉን። ለእረፍት ደብረ ኤልያስ ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ የቅኔ መምህር ናቸው። ሳቁና «ፊደል ሳያውቅ መጽሐፍ የሚያስነብብ ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በተለይ በበሽታ መከላከያ ሴሎች ውስጥ ሥራው ምን እንደሆነ ቢያስረዱኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አባትህን ሰላም በልልኝ። እሳቸው በሳቅ የጠየቁህ ነገር ሳይንቲስቶችን 30 ዓመት አካባቢ አድክሟል።

ክታብ መቼም ታውቃለህ። ረጅምና ጠባብ ብራና ይጻፍበታል፣ ይጠቀለላል፣ በቆዳ ይሰፋል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ጽሑፉ ውስጡ አለ። ግን ስፌቱ ተፈትቶ ጥቅልሉ ካልተዘረጋ የፈለገውን ያህል ሊቅ ብትሆን አንዲት ፊደል አታይም። የሰውነታችን መመሪያ የተጻፈበት ክር፣ ዲኤንኤም፣ እንዲሁ ነው፤ ጂን የምንለው ከመመሪያው አንዱን ገጽ ነው። ከእናትህ 3 ቢሊዮን፣ ከአባትህ 3 ቢሊዮን ገደማ የፊደል ጥንድ ወስደሃል፤ በአንዷ ሴልህ ውስጥ ያለው ብቻ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ የታጨቀበት ኒውክለስ፣ የሴሉ እምብርት፣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ አይበልጥም።

ስለ አጠቀላለሉ ካነሳን ግን ከክታብ ይልቅ የሸማኔ ቀሰም ይሻላል። ክሩ ቀሰሙ ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያቆማል፣ ጥቂት ይዘላል፣ ሌላ ቀሰም ላይ ይጠመጠማል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ቀሰሙ ሂስቶን ከሚባሉ 8 ፕሮቲኖች የተሠራ ነው። በአንዱ ቀሰም ላይ 147 ጥንድ ፊደል ይጠመጠማል። ሂስቶን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ጥብቅ ብለው ይያያዛሉ። ለማስቀመጥ ግሩም ነው። ለማንበብ ግን ጣጣ ነው።

አሁን ሰዎቹን ላስተዋውቅህ። ቁም ጸሐፊው አርኤንኤ ፖሊመሬዝ 2 ይባላል። ሥራው መገልበጥ ነው፤ ከዲኤንኤው ላይ አርኤንኤ የሚባለውን ግልባጭ ያወጣል፣ ፕሮቲን የሚሠራው በዚያ ግልባጭ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን የቱን ገጽ እንደሚገለብጥ በራሱ አያውቅም። ገጹን የሚያውቀው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው። አጭር የፊደል ቅደም ተከተል፣ ለምሳሌ 10 ፊደል ያህል፣ ፈልጎ እዚያ ላይ ቁጭ ይላል። ኮአክቲቬተሩ ሦስተኛው ሰው ነው። ገጽ አያውቅም፣ ፊደል አይለይም። የሚያውቀው ገጽ ያገኘውን ሰው ነው። እሱ የተቀመጠበት ይሄድና እዚያ ያለውን ቋጠሮ ይፈታል፣ ጸሐፊውንም ይጠራል። እንግዲህ ለአባትህ መልሱ ይኸው ነው፦ አንባቢው ጸሐፊ ሌላ፣ ገጽ ገላጩ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ሌላ፣ ቋጠሮ ፈቺው ኮአክቲቬተር ሌላ።

በመከላከያ ሴል እንየው። እርሻ ላይ እግርህን እሾህ ወጋህ እንበል። ባክቴሪያ ገባ። በቆዳው ሥር የሚጠብቀው ማክሮፌጅ የሚባለው ሴል ባክቴሪያውን በላዩ ላይ ባሉት ተቀባዮች ነካው። በዚህ ሴል ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ትራንስክሪፕሽን ፋክተር አለ፤ እ.ኤ.አ በ1986 ራንጃን ሴንና ዴቪድ ባልቲሞር ቢ ሴል ውስጥ ያገኙት ነው (ቢ ሴል ጀርም ላይ የሚጣበቀውን ፕሮቲን፣ አንቲቦዲን፣ የሚያመርተው መከላከያ ሴል ነው)። በሰላሙ ጊዜ ከኒውክለስ ውጭ ታስሮ ነው የሚኖረው። አሳሪው አይ ካፓ ቢ ይባላል። የባክቴሪያው ወሬ ሲደርስ አይ ካፓ ቢ ላይ ምልክት ይደረግበትና ተቆራርጦ ይጣላል፤ እስረኛው ይፈታል፤ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ እነዚያን 10 ፊደላት ይዞ ይቀመጣል።

ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ እዚህ ላይ «ጂኑ በራ» ብሎ ያልፋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ገና ምኑም አልበራም!

ኤንኤፍ ካፓ ቢ ፒ65 በሚባለው ክፍሉ ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ምልክት ሲያርፍበት ሲቢፒና ፒ300 የሚባሉ ሁለት መንታ መሳይ ግዙፍ ፕሮቲኖች መጥተው ይይዙታል። ዋናዎቹ ኮአክቲቬተሮች እነዚህ ናቸው። ከ400 በላይ ፕሮቲኖች ጋር እንደሚገናኙ ተመዝግቧል፤ ማለትም ጎረቤታቸው ብዙ ነው። ከመጡ በኋላ የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ አሴቲል የሚባል ትንሽ ኬሚካል ሂስቶኑ ጅራት ላይ ይለጥፋሉ። አሴቲል የያዘው የሂስቶን ቦታ ፖዘቲቭነቱን ያጣል፣ ዲኤንኤውን የጨበጠበት እጅ ይላላል፣ ክሩ ከቀሰሙ ረገብ ይላል። ሁለተኛ፣ ያው አሴቲል እንደ ምልክትም ያገለግላል፤ ቢአርዲ4 የሚባል ፕሮቲን ምልክቱን አይቶ ይመጣና ጸሐፊው ጀምሮ የቆመበትን ግልባጭ እንዲቀጥል የሚገፋውን ኢንዛይም ይጎትታል። ሦስተኛው ደስ ይለኛል፤ አሴቲሉን ኤንኤፍ ካፓ ቢ ራሱ ላይም ይለጥፉበታል፣ ያኔ አሳሪው አይ ካፓ ቢ በቀላሉ አይዘውም። ፈቺው ገላጩንም ይጠብቀዋል ማለት ነው።

በመሃል ደግሞ ሚዲዬተር የሚባል ትልቅ ስብስብ አለ። ስሙን ወደ አማርኛ ብትመልሰው አማላጅ ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ። በአንድ እጁ ገጽ አዋቂውን፣ በሌላው ቁም ጸሐፊውን ይዞ ያስማማቸዋል። በሰው ውስጥ ከ25 በላይ ፕሮቲኖች ተሰባስበው የሚሠሩት ነው፤ ሽማግሌ ብቻውን አይላክም መቼም። ይህን አማላጅ እርሾ ውስጥ ካገኙት መካከል ሮጀር ኮርንበርግ አለ፤ በትራንስክሪፕሽን ላይ በሠራው ሥራ እ.ኤ.አ በ2006 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል።

ከዚያ ነው ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 የመሳሰሉት የእብጠት መልእክተኞች ጂኖች የሚገለበጡት። እግርህ የሚቀላው፣ የሚያብጠው፣ ሌሊቱን የሚያተኩስህ በእነዚህ ነው።

30 ዓመት ያልኩህ ደግሞ ይህ ነው። ቪንሰንት ኦልፍሪ እ.ኤ.አ በ1964 አሴቲል ሂስቶን ላይ እንደሚለጠፍና ይህም ከአርኤንኤ መገልበጥ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ግን የሚለጥፈው ማን ነው? እስከ 1996 ድረስ በግልጽ አልታወቀም። በዚያ ዓመት የዴቪድ አሊስ ቡድን ቴትራሂሜና ከምትባል ባለ አንድ ሴል የኩሬ ፍጥረት ኢንዛይሙን ሲያወጣው፣ እርሾ ውስጥ አስቀድሞ ኮአክቲቬተር ተብሎ የሚታወቅ ፕሮቲን ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሲቢፒና ፒ300ም ራሳቸው ለጣፊዎች እንደሆኑ ታየ። ሁለት የማይተዋወቁ የምርምር መንገዶች አንድ ድልድይ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ስለ ፒ300 ስም አንድ ነገር ልጨምርልህና ልለፍ። 300 የተባለው ክብደቱ 300 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ስለሆነ ነው፤ የታወቀውም ጉንፋንና የዓይን መቅላት የሚያመጣው አዴኖቫይረስ በአንድ ፕሮቲኑ ጭምቅ አድርጎ ይዞት ሲገኝ ነው። ቫይረሱ ሞኝ አይደለም። ፈቺውን ከያዘ ሴሉ ቫይረስ የሚከላከልባቸው ጂኖች እንደ ልብ አይገለበጡም።

ማጥፊያውስ? ኤንኤፍ ካፓ ቢ ከሚያስገለብጣቸው ጂኖች አንዱ የራሱ አሳሪ የአይ ካፓ ቢ ጂን ነው። አዲሱ አይ ካፓ ቢ ተሠርቶ ይመጣና ኒውክለስ ድረስ ገብቶ ይዞት ይወጣል። በሌላ በኩል ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች የተለጠፈውን አሴቲል ይነቅላሉ። ክሩ ተመልሶ ቀሰሙ ላይ ይጠብቃል። ለፈተናህ ይህን አትርሳ፤ መምህራን ማብራቱን አስተምረው ማጥፋቱን መጠየቅ ይወዳሉ።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነርስ ነኝ። ሲቢፒና ፒ300 በሁሉም ሴል ውስጥ ካሉ፣ ዲኤንኤውም ያው ከሆነ፣ ለምን ቢ ሴል ብቻ አንቲቦዲ ያመርታል? የጉበት ሴል ምን ከለከለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ግሩም ጥያቄ ነው። ከፊሉ ምክንያት የትኞቹ ቀሰሞች ቀደም ብለው እንደላሉ ነው። ሴሉ ገና ሲያድግ ፒዩ1 የመሳሰሉ ፋክተሮች በማክሮፌጅና በቢ ሴል ውስጥ ቦታ ያዘጋጃሉ፤ በጉበት ውስጥ ሌሎች ያዘጋጃሉ። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ሲመጣ የሚያገኘው በር በየቤቱ ይለያያል።

ሌላው ደግሞ አንዳንድ ኮአክቲቬተር የመንደር ሰው መሆኑ ነው። ሲቢፒ የሁሉም ነው፣ ኦካ ቢ ግን በዋናነት የቢ ሴል ነው። እ.ኤ.አ በ1995 አካባቢ ነው የታወቀው። ኦክት 1 እና ኦክት 2 የሚባሉ ፋክተሮች ከአንቲቦዲ ጂን ፊት ባሉ 8 ፊደላት ላይ ሲቀመጡ ኦካ ቢ ከላይ ሆኖ እንደ መቆንጠጫ ያጠብቃቸዋል፣ ሥራቸውንም ያጎላል። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ቢ ሴል አላቸው። ክትባት ሲሰጣቸው ግን ጀርሚናል ሴንተር የሚባለው፣ በንፍፊትና በጣፊያ ውስጥ አንቲቦዲ የሚሳልበት ቦታ፣ አይሠራላቸውም። አይጂጂ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነትም በእጅጉ ያንሳል። አንቺ ሕፃኑን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የፔንታ ክትባት ስትወጊው ተስፋ የምታደርጊው ነገር ሁሉ እዚያ ሰፈር ነው የሚከናወነው።

የመንደሩ ሁሉ ሹም ግን ሲቱቲኤ ነው። እ.ኤ.አ በ1993 የተገኘ፣ ራሱ ዲኤንኤ ላይ የማይቀመጥ ኮአክቲቬተር ነው። ማክሮፌጅና ቢ ሴል የያዙትን የባክቴሪያ ቁራጭ ቲ ሴል ለሚባለው ሌላ መከላከያ ሴል የሚያሳዩበት «ሰሃን» አለ፤ ኤምኤችሲ ክላስ 2 ይባላል፣ በሰው ኤችኤልኤ ዲአር፣ ዲኪው፣ ዲፒ የሚባሉት ናቸው። የእነዚህ ጂኖች ፋክተሮች አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ተሰናድተው ይጠብቃሉ። ሲቱቲኤ ካልመጣ ግን ምንም። ሲመጣ ሲቢፒን ጭምር አስከትሎ ይመጣል፣ ሁሉም ይከፈታል። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለው መልእክት ማክሮፌጅ ሰሃኑን እንዲያበዛ የሚያደርገው በዋናነት የሲቱቲኤን ጂን በማስበራት ነው።

ይህ የሲቱቲኤ ጂን ተበላሽቶ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ በጣም ጥቂት ናቸው። ሰሃኑ ስለሌላቸው ሲዲ4 የሚባለው ቲ ሴላቸው ያንሳል፣ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ተቅማጥና የሳንባ ምች አይለቃቸውም። ዋናው ሕክምና የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው። የገረመኝ ነገር፣ የእነዚህ ሕፃናት ኤምኤችሲ ክላስ 2 ጂን ፍጹም ጤነኛ ነው፣ ፊደል አልጎደለም፣ የጎደለው ፈቺው ነው።

ቲቢም ይህን ምሥጢር ያውቃል። ባክቴሪያው በግድግዳው ላይ ባሉ ቅባታማ ፕሮቲኖች ማክሮፌጁን እያወከ የሲቱቲኤ መጠን እንዲያንስ ያደርጋል። ሰሃኑ ይቀንሳል። ቲ ሴል አጠገቡ ቆሞ ጠላቱ ቤት ውስጥ እንዳለ አያይም።

ጥያቄ፦ ከቢቸና ነው የምጽፍልህ። ዕድሜዬ 61 ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ታዞልኝ ሁለት ወር ወሰድኩ፤ ሕመሙ እንደ ተአምር ለቀቀኝ። ፊቴ ግን አበጠ። ጎረቤቶቼ «መርዝ ነው፣ ዛሬውኑ ጣይው» ይሉኛል። አንዲት ትንሽ ክኒን እንዴት ይህን ሁሉ ታደርጋለች?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ የሚበልጠውን ልናገር፦ ዛሬውኑ እንዳይጥሉት። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል የሚባል የዚህኑ መድኃኒት ዘመድ ይሠራሉ። ክኒኑ ለሳምንታት ከውጭ ሲገባ ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። በድንገት ካቆሙት ሰውነትዎ ያለ ኮርቲሶል ይቀራል፤ ድካም፣ ትውከት፣ የደም ግፊት መውደቅ፣ አልፎም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ያመጣል። ማቆም ካለብዎት ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስቆምዎታል። ለጎረቤቶችዎ በደግነታቸው እግዜር ይስጣቸው፣ ምክራቸውን ግን ይተዉት።

አሁን ወደ ክኒኗ። ትንሽ ሆና ብዙ የምታደርገው የምትሠራው ከላይ ለተማሪው በተነገረው ሥፍራ፣ ማለትም ጂኖቹ በሚፈቱበትና በሚታሰሩበት ቦታ፣ ስለሆነ ነው። መድኃኒቱ ሴሉ ውስጥ ይገባል፣ ግሉኮኮርቲኮይድ ሪሴፕተር የሚባለውን ፕሮቲን ይይዛል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ኒውክለስ ይገባሉ። እዚያ ሁለት ሥራ አላቸው። በአንድ በኩል የሚያበርዱ ጂኖችን ያገኙና ኮአክቲቬተር ጠርተው ያስፈቷቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ኤንኤፍ ካፓ ቢ እብጠት እያስገለበጠ ካለበት ጎን ይቀመጡና አሴቲል ነቃይ ኢንዛይም ይጠሩበታል፤ የላላው ክር እንደገና ይጠብቃል፣ ግልባጩ ይቆማል። ጂአርአይፒ1 የሚባል አንድ ኮአክቲቬተር አለ፤ በመጀመሪያው ቦታ ፈቺ ሆኖ ይሠራል፣ በሁለተኛው ቦታ ያው እሱ ራሱ አሳሪ ሆኖ ይገኛል። እንደ ተጠራበት ቤት ነው ጠባዩ። እንዲህ ያለ ሰው በመንደራችሁም አይጠፋም።

የክኒንዎ ዘመድ ኮርቲዞን ለመገጣጠሚያ ሕመም መጀመሪያ የተሰጠው እ.ኤ.አ በ1948 ነው፤ በ1950 ኖቤል አሸልሟል። ያን ጊዜ ስለ ኮአክቲቬተር የሚያውቅ አልነበረም። የወንድሙ የዴክሳሜታዞን ነገር ደግሞ ቅርብ ነው። በ2020 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ በቀን 6 ሚሊግራም ሲሰጣቸው በመሣሪያ ከሚተነፍሱት የኮቪድ ሕሙማን መካከል የሚሞቱት በሲሶ ያህል እንደቀነሱ አሳየ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየበትም። ማለትም ማብረድ የሚጠቅመው እሳቱ ሲበዛ ነው።

የፊቱ እብጠት የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ ነው፤ መጠኑ ሲቀነስ ይቀንሳል። ይልቅ ለሐኪምዎ ሁለት ነገር ይንገሯቸው። ቲቢ ታመው ወይም ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ኖረው ያውቁ እንደሆነ አንዱ ነው፣ ምክንያቱም የበረዱት ሴሎች ተኝቶ የቆየን ቲቢ ሊለቁት ይችላሉ። ሌላው በባዶ እግር የሚሄዱ ከነበረ እሱን፤ ስትሮንጊሎይደስ የሚባል ከአፈር በእግር ቆዳ የሚገባ ትል አለ፣ ዓመታት ዝም ብሎ ይቆይና በእንዲህ ያለ መድኃኒት ጊዜ በሰውነት ሁሉ ይራባል። በሰገራ ምርመራ ሊታይ ይችላል፣ መድኃኒትም አለው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ «ኢሚዩኒቲ የሚያነቃ፣ ጂን የሚያበራ ዱቄት» የሚል ማስታወቂያ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ኮአክቲቬተርን የሚጨምር ምግብ አለ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ የለም። አሴቲል ራሱ የሚመጣው ከምግብ ነው፤ ሴሉ እንጀራውንም ቅቤውንም ሰባብሮ ከሚያገኘው ነገር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ምሳ ከበላህ ጥሬ ዕቃው ገብቷል። ኮአክቲቬተርን በዱቄት መጨመር ቢቻል እንኳ እኔ አልፈልገውም፤ ነገሩ በልክ ነው። ሲቢፒን የሚሠራው ጂን ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ሩቢንስታይን ታይቢ የሚባል ሕመም ይመጣል። አውራ ጣታቸው ሰፋ ይላል፣ ዕድገትና ትምህርት ይዘገይባቸዋል፣ ብዙዎቹም በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ግማሹ እንኳ ቀርቶላቸው አልበቃም። ሲበዛም አይበጅም፤ እብጠት ካልበረደ ምን እንደሚያደርግ ከቢቸና የጻፉልን እናት ይነግሩሃል። ዱቄቱን ተወው።

ጥያቄ፦ ስናን ነው ያደግሁት፣ ከጮቄ ሥር። እናቴ ዝሆኔ አለባት። ለማግባት ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ አሁን የልጁ ቤተሰቦች «የዘር በሽታ ነው» ብለው ወደ ኋላ ማለት ጀመሩ። እርግማን የሚልም አለ። እውነት በዘር ነው? ወደ እኔስ፣ ወደ ልጆቼስ ይተላለፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ እግር በማጠብ የሚመጣ ነገር የለም። የእናትሽ ዓይነቱ፣ ትንኝ የሚያመጣው ሳይሆን በእኛ ደጋ የሚታየው፣ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ያጠናው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። መነሻው ከእሳተ ገሞራ የመጣው ቀይ አፈር ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ይገባል፣ ከእግር ፈሳሽ የሚያስወጡትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣል፣ ቧንቧው ይጠባል፣ እግር ያብጣል። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ ደጋው፣ ዝናቡና አፈሩ ተገናኝተውበት።

«የዘር» የሚለው ግን ከባዶ አልተነሳም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ባዶ እግሩን ሄዶ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው አይታመምም። እ.ኤ.አ በ2012 የታተመ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር ያስተያየ ጥናት ልዩነት ያገኘው የት መሰለሽ? ለነርሷ «ሰሃን» ብዬ በነገርኳት በኤችኤልኤ ክላስ 2 ጂኖች አካባቢ። ሲቱቲኤ የሚያዛቸው እነዚያው ጂኖች ናቸው። የተገኘው ልዩነት ሲቱቲኤ ላይ ሳይሆን ሰሃኖቹ ባሉበት ነው። ይህ የሚጠቁመው የአንዳንድ ሰው የመከላከያ ሴል ያን የአፈር ማዕድን ከሌላው ሰው በተለየ ቁጣ እንደሚቀበለው ነው። የሚወረሰው ይህ ነው፤ ለአፈሩ ያለ ስስነት። በሽታው ራሱ አይወረስም። አፈሩ ካልገባ የሚቆጣበት ነገር የለም።

ስለዚህ አንቺ ከልጅነትሽ ጫማ ካደረግሽ፣ ልጆችሽም መራመድ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ እግራቸው ከተሸፈነና በየማታው በሳሙና ከታጠበ፣ ምንም ዓይነት ሰሃን ቢወርሱ አይታመሙም ማለት ይቻላል። ለእርሻም ለገበያም ነው ጫማው፤ ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ ብቻ የሚወጣ ጫማ እዚህ ላይ አይቆጠርም።

እናትሽም ተስፋ አይቁረጡ። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የተደረገው እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ነው፣ በ696 ሕሙማን ላይ። እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ፤ ሌላ የተራቀቀ ነገር የለበትም። ያንን እንክብካቤ ያገኙት ሰዎች፣ እግሩ ድንገት እየቀላና እያተኮሰ የሚያስተኛው ሕመም በዓመት 19 ጊዜ ገደማ ሲነሳባቸው፣ እስኪደርሳቸው ይጠብቁ የነበሩት ላይ 24 ጊዜ ገደማ ይነሳ ነበር። በአንድ ዓመት አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ለአንዲት የገበሬ ቤት እናት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ። በውሃና በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ በጣቶቹ መሃል ያለውን በደንብ አድርቁት፣ ቫዝሊን ቀቡት፣ ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ አድርጉላቸው። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «የዝሆኔ ክትትል» ብላችሁ ጠይቁ።

ለሽማግሌዎቹ የሚነበብ ካስፈለገሽ ደግሞ ይህቺን ብቻ ቆርጠሽ ውሰጂላቸው፦ «ዝሆኔ ከአፈር ነው የሚመጣው። አይጋባም። እናቷ በባዶ እግራቸው አርሰው አሳድገዋታል፤ እሷ ጫማ ታደርጋለች።»